ያውቁ ኖሯል? ስለት የሚበላው መስታወት

ፋይበርግላስ ለስላሳ ይመስላል፣ ክብደቱም ቀላል ነው። የቆረጠው ሰው ግን ጠባዩን ያውቃል። ብረት ሲበሳ የከረመ የትራፓኖ ፑንታ እዚህ ጥቂት ቀዳዳ ቀድዶ ይደነዝዛል። ጠርዙ ይበጣጠሳል፣ ንጣፉ ይላቀቃል፣ ብናኙ ክንድና አንገት ላይ አርፎ ሲያሳክክ ያድራል። ቁሱ ብረትም እንጨትም ስላልሆነ የራሱ አያያዝ አለው። የዛሬው ዓምዳችን አያያዙን ለማወቅ የሚረዱ እውነታዎችን ሰብስቧል።

ከክሩ እንጀምር

● ፋይበርግላስ ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚሠሩት ቁስ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? አንዱ ቀጭን የመስታወት ክር ነው፤ ሌላው ክሩን አጣብቆ የሚይዘው ሬዚን የተባለው ሙጫ ነው። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚጨመርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፦ ክሩ ሙጫው እንዳይሰነጠቅ ይይዛል፣ ሙጫው ደግሞ ክሩን በቦታው ያጸናል። ስለቱ ግን በአንድ ጊዜ ሁለት የማይመሳሰሉ ባላንጣዎች ይገጥሙታል። መስታወቱ ጠንካራና ተሰባሪ ነው፤ ሙጫው ለስላሳና ሙቀት የማይችል ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ችግር ሁሉ ምንጩ ይኸው ነው።

● የአንዱ ክር ውፍረት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 24 ማይክሮን ነው። ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሰው ፀጉር በአማካይ 70 ማይክሮን ስለሚሆን፣ ባለ 10 ማይክሮን ክሮች ሰባት ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህላሉ።

● አንድ ኪሎ መስታወት ተቀልጦ 10 ማይክሮን ውፍረት ወዳለው ክር ቢሳብ ርዝመቱ 5,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል።

● መስታወት በቀጠነ መጠን እንደሚጠነክር ያውቁ ኖሯል? እንግሊዛዊው መሐንዲስ አለን አርኖልድ ግሪፊዝ በፋርንቦሮው የአውሮፕላን ምርምር ጣቢያ ቀጫጭን የመስታወት ክሮችን እየሳበ ሲጎትት፣ ክሩ በቀጠነ ቁጥር የሚሸከመው ጫና ከስፋቱ አንጻር እየጨመረ ሲሄድ አየ። ግኝቱ እ.ኤ.አ. በ1921 ታተመ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ መስታወት የሚሰበረው ገጽታው ላይ ካሉ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ተነሥቶ ነው፤ በጣም ቀጭን ክር ላይ ትልቅ ስንጥቅ የሚቀመጥበት ቦታ የለም።

● ኢ-ግላስ የሚባለው የተለመደው የመስታወት ክር አዲስ ተስቦ ሲለካ የመጎተት ጥንካሬው ወደ 3.4 ጊጋፓስካል ይጠጋል፤ ከተለመደው የግንባታ ብረት ብዙ እጥፍ ማለት ነው። እፍጋቱ ግን በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 2.5 ግራም አካባቢ ብቻ ሲሆን፣ ይህም ከብረት ሲሶ ያህል ነው።

● የመስታወት ክር ጨርቅ የፈጠራ መብት በአሜሪካ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1880 ነበር፤ ባለቤቱ ኸርማን ሃመስፋር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1893 በቺካጎው ዓለም አቀፍ ትርዒት ላይ ኤድዋርድ ሊቢ ከመስታወትና ከሐር ክር የተሸመነ ቀሚስ ለሕዝብ አሳይቷል። ቀሚሱ ለዓይን ያምር ነበር፤ ለመልበስ ግን አልሆነም።

● የዛሬው ፋይበርግላስ የተወለደው በአጋጣሚ ነው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1932 በአሜሪካ ኦሃዮ ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ የመስታወት ብሎኮችን ለማጣበቅ ሲሞክር፣ የታመቀ አየር የቀለጠውን መስታወት መትቶ በቀጫጭን ክር በተነው። አለቃው ጌምስ ስሌይተር ዘዴውን አሻሻለው። ኦወንስ-ኮርኒንግ ፋይበርግላስ የተባለው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1938 ተመሠረተ።

● አካሉ በሙሉ በፋይበርግላስ ተሠርቶ ከፋብሪካ ከወጡ ቀደምት መኪኖች አንዷ ሸቭሮሌት ኮርቬት ናት። እ.ኤ.አ. በ1953፣ በመጀመሪያው ዓመቷ፣ የተሠሩት 300 ብቻ ነበሩ።

ስለቱን ማን አዶለዶመው?

● ማዕድናት የሚለኩበት የሞህስ የጥንካሬ መለኪያ ከ1 እስከ 10 ነው። መስታወት 5.5 እስከ 6 አካባቢ ይቀመጣል፤ የጠነከረ የሞረድ ብረት ከእሱ ብዙም አይርቅም፤ ተንግስተን ካርባይድ 9 አካባቢ ነው፤ አልማዝ 10 ነው። በተራ የብረት ስለት ፋይበርግላስ የሚቆርጥ ሰው ስለቱን ከእኩያው ጋር እያፋጨ ነው።

● የደነዘዘውን ፑንታ በማጉያ መነጽር ይመልከቱት። መሃሉ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው ዳሩ ላይ፣ የቀዳዳውን ግድግዳ የሚነካው ማዕዘን ላይ ነው። ሹል የነበረው ጥግ ተድቦልቡሎ እንደ ተወለወለ ያብረቀርቃል። ያ ብርሃን በሺዎች የሚቆጠሩ የመስታወት ክሮች እየፈተጉ ያለፉበት ምልክት ነው። ከዚያ በኋላ ፑንታው ክሩን መቁረጡ ይቀርና ይገፋዋል፤ የተገፋ ክር ደግሞ ጎረቤቱን ይዞ ይነቀላል።

● ተንግስተን ካርባይድ እንኳ በፋይበርግላስ የሚያልቅበት መንገድ ለየት ያለ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ካርባይዱ ደቃቅ ጠንካራ ቅንጣቶች በኮባልት ተያይዘው የተሠሩ ነው። የመስታወት ብናኝ ለስላሳውን ኮባልት ከመሃል ይጠርገዋል፤ መያዣቸውን ያጡት ቅንጣቶች አንድ በአንድ ይረግፋሉ። ለዚህ ሥራ ቅንጣቱ ከአንድ ማይክሮን በታች የሆነ፣ ኮባልቱም ያነሰ ካርባይድ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

● ካርባይድ መጀመሪያ የተፈለገው ለአምፖል ነበር! እ.ኤ.አ. በ1923 ካርል ሽሮተር በጀርመኑ ኦስራም ኩባንያ የፈጠራ መብቱን ሲያስመዘግብ፣ የአምፖል ውስጥ የተንግስተን ሽቦ የሚሳብበት የማያልቅ ቀዳዳ እየተፈለገ ነበር። ክሩፕ የተባለው የብረት ኩባንያ በ1920ዎቹ አጋማሽ መቁረጫ አድርጎ ለገበያ አቀረበው።

● ሰው ሠራሽ አልማዝ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ በትሬሲ ሆል እጅ የተገኘው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ነው። ያ ግኝት ባይኖር ኖሮ ዛሬ የአውሮፕላንና የነፋስ ኃይል ፋብሪካዎች የሚጠቀሙባቸው የአልማዝ መቁረጫዎች ዋጋቸው የሚቀመስ አይሆንም ነበር። ደቃቅ የአልማዝ ቅንጣቶች በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ተጋግረው የሚሠሩት ስለቶች ከ1970ዎቹ ጀምሮ ወደ ፋብሪካ ገቡ፤ በፋይበርግላስ ላይ ከካርባይድ ብዙ እጥፍ ይቆያሉ።

● ጥርስ ያለው መጋዝ ሁልጊዜ የተሻለ አይደለም። ሴራሚክ የሚቆርጠው፣ ጥርስ የሌለው ባለ አልማዝ ዲስክ የፋይበርግላስ ሉህ ላይ ንጹሕ ጠርዝ ይተዋል። የዲስኩ ቅንጣቶች ክሩን በጥቂት በጥቂቱ ፈትገው ስለሚበሉት ነቅለው አያወጡትም።

● በእጅ መጋዝ ለሚሠራም መፍትሔ አለው፦ በጥርስ ፋንታ የካርባይድ ቅንጣት ጠርዙ ላይ የተጣበቀበት የመጋዝ ምላጭ ይሸጣል።

● ብረት ቶርኖ ላይ ሲቆረጥ እየተጠቀለለ ይወጣል፤ እንጨት ፍቅፋቂ ይሰጣል። ፋይበርግላስ ግን ዱቄት ይሆናል። መስታወቱ አይታጠፍም፤ እየተሰበረ ነው የሚወርደው።

● ስለቱ ክሩን የሚገጥምበት ማዕዘን ሥራውን ይለውጠዋል። ክሩ በሚሄድበት አቅጣጫ ሲቆረጥ በቀላሉ ይላጣል። ክሩ ወደ ስለቱ ተጋድሞ ሲመጣ ግን ከመቆረጡ በፊት ይታጠፍና ከገጽታው በታች ይሰበራል፤ ላዩ ደህና መስሎ ውስጡ ይሰነጠቃል። በአንድ ክብ ቀዳዳ ዙሪያ ስለቱ እነዚህን ማዕዘኖች በሙሉ ስለሚያልፍ፣ የቀዳዳው ግድግዳ በአንድ በኩል ለስልሶ በሌላ በኩል ሊሻክር ይችላል።

ሙቀቱ ወዴት ይሄዳል?

● ብረት ሲቆረጥ አብዛኛው ሙቀት ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ይወጣል። በፋይበርግላስ ይህ መውጫ የለም። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብረት ከመቶ እጥፍ በላይ ያንሳል፤ ዱቄቱም ሙቀት ተሸክሞ አይሄድም። ስለዚህ ሙቀቱ ስለቱ ላይና ቀዳዳው ጥግ ላይ ይከማቻል።

● ሁለቱ ቁሶች ሙቀትን የሚችሉበት መጠን እጅግ ይራራቃል። የመስታወት ክሩ የሚለሰልሰው ከ800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ለኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ የሚውለው ኤፖክሲ የተባለው የተለመደ ሙጫ ግን ከ130 እስከ 140 ዲግሪ ላይ ይላላል። ሙጫው ሲላላ ክሩን መያዙን ይተዋል፤ ያልተያዘ ክር ደግሞ በደንብ አይቆረጥም።

● «ቀስ ብዬ ልሥራው» ማለት እዚህ ሊጎዳ ይችላል። መሰርሰሪያው በከፍተኛ ፍጥነት እየዞረ ወደ ውስጥ ካልተገፋ ስለቱ አንዱን ቦታ ደጋግሞ ይፈትጋል፤ ቁሱን ሳይቆርጥ ያሞቀዋል። በጣም ከተገፋ ደግሞ ንጣፉ ይላቀቃል። ጥሩ ባለሙያ መሃሉን በጆሮውና በአፍንጫው ጭምር ይለያል፦ የሚያፏጭ ድምፅና የተቃጠለ ሙጫ ሽታ ሲመጣ ስለቱ ደንዝዟል ወይም ግፊቱ አንሷል።

● ፋይበርግላስ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ከፑንታው ጥቂት ሊጠብብ እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ሙጫው በግፊትና በሙቀት ተለጥጦ ቆይቶ ስለቱ ሲወጣ ይመለሳል። ልኩ በትክክል የሚፈለግ ከሆነ ፑንታው ይህን ታሳቢ አድርጎ ይመረጣል።

● ሌዘር ሁሉን ይቆርጣል ብለው ከሆነ እዚህ ይጠንቀቁ። ሙጫው ገና መስታወቱ ሳይሞቅ ይከስላል፤ ጠርዙ ጠቁሮ ይቀራል፣ ጭሱም መርዛማ ነው።

● ውኃ ግን ይችላል። ጋርኔት የተባለው ደቃቅ የማዕድን አሸዋ የተቀላቀለበት ውኃ እስከ 4,000 ባር በሚደርስ ግፊት ከጠባብ ቀዳዳ ሲወጣ ከድምፅ በላይ ይፈጥናል። ጠርዙን አያቃጥለውም፣ አብዛኛውን ብናኝም ውኃው ይዞት ይቀራል። አንድ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል፦ የውኃው ግፊት ሉሁን መሃል ላይ ሲበሳ ንጣፎቹ መካከል ገብቶ ሊያላቅቃቸው ስለሚችል፣ ቆረጣውን ከሉሁ ዳር ወይም አስቀድሞ በመሰርሰሪያ ከተበሳ ቀዳዳ መጀመር ይመረጣል።

በአንድ ቀዳዳ ውስጥ

● የፋይበርግላስ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ሊበላሽ ይችላል። ፑንታው ሲገባ ጠመዝማዛው የላይኛውን ንጣፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ ሊወጣ ሲል ደግሞ የቀረችው ስስ ንጣፍ የግፊቱን ጫና መሸከም አቅቷት ወደ ታች ትላቀቃለች። ሁለተኛው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ይብሳል፤ ከሥር ስለሆነም ሥራው እስኪገለበጥ አይታይም።

● ለዚህ ችግር ርካሹ መድኃኒት አንድ ቁራጭ እንጨት ወይም ኤምዲኤፍ ነው። ከሥሩ አጥብቀው ቢያስሩት የመጨረሻው ንጣፍ የሚደገፍበት ያገኛል። ከላይም ስስ ሉህ ቢደረብበት መግቢያውም ይጸዳል።

● ለዚህ ሥራ የተቀረጹ ፑንታዎች ጫፋቸው የተለየ ነው። በአንዳንዶቹ ዳርና ዳር ያሉት ሹል ጥጎች ቀድመው ክሩን በክቡ ዙሪያ ይቆርጡታል፤ መሃሉ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። የቀዳዳው ዳር ላይ የሚንጠለጠል ክር ያነሰው በዚህ ነው።

● ጠርዝ የሚያስተካክሉ አንዳንድ መቁረጫዎች ደግሞ ጠመዝማዛቸው ከሥር ወደ ላይ፣ ከአናት ወደ ታች ተደርጎ ይሠራል። የላዩንም የታቹንም ንጣፍ ወደ መሃል ስለሚጫኑት አንዱም ተነሥቶ አይላቀቅም።

● ፋይበርግላስ ላይ ጥርስ አውጥቶ ብሎን ማሰር ይቻላል፤ ጥርሱ ግን ብዙ አይሸከምም። በተለይ ብሎኑ ከሉሁ ጎን፣ በንጣፎቹ መካከል ከገባ ሉሁን እንደ ሽብልቅ ሊሰነጥቀው ይችላል። ተደጋግሞ ለሚፈታና ለሚታሰር ቦታ የብረት ማስገቢያ ይቀበርበታል።

● የተቆረጠ ጠርዝ ክፍት በር ነው። የተጋለጡት የክር ጫፎች እርጥበት ወደ ውስጥ የሚሰርግበትን መንገድ ይከፍታሉ። ለጀልባና ለውኃ ማጠራቀሚያ የሚሠራ ሰው የቆረጠውን ጠርዝ በሙጫ የሚቀባው ለዚህ ነው።

● ብዛት ያለው የፋይበርግላስ መሰርሰር የሚካሄደው የት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳ ካገኙ መዳብ የሌለበትን ዳሩን ከብርሃን ፊት ያቁሙት፤ ድርና ማጉ የሚታይ ሽመና ያገኛሉ። ያ የመስታወት ጨርቅ ነው። ኤፍአር-4 የሚባለው ይህ ቁስ በኤፖክሲ የተያያዘና እሳትን እንዲቋቋም የተሠራ ፋይበርግላስ ነው።

● በእነዚህ ሰሌዳዎች ላይ ያሉት ደቃቅ ቀዳዳዎች ዲያሜትራቸው 0.3 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በታች ሊሆን ይችላል። ማሽኖቹ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ስሌቱ ግን ቀላል ነው፦ ባለ 0.3 ሚሊ ሜትር ፑንታ በዚህ ፍጥነት ሲዞር የስለቱ ዳር የሚጓዘው በደቂቃ 94 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይህንኑ ፍጥነት የሚያገኘው በ3,000 ዙር ነው። ፑንታው በቀጠነ መጠን ብዙ መዞር ግድ ይለዋል።

● ፋብሪካዎቹ ሰሌዳዎቹን ከላይ በስስ የአሉሚኒየም ሉህ፣ ከሥር በማረፊያ ሰሌዳ አጥብቀው ያስራሉ፤ እንጨት ከሥር እንደሚያደርገው ባለሙያ ማለት ነው። የእያንዳንዱ ፑንታ የቀዳዳ ብዛት በኮምፒውተር ይቆጠራል፤ የተወሰነለት ቁጥር ላይ ሲደርስ ገና ሳይበላሽ ይቀየራል፣ ተሞርዶም ይመለሳል። ለዚህ ቁስ ትክክለኛው ልማድ ይህ ነው፤ ፑንታው እስኪያቃጥል የሚጠብቅ ሰው ሥራውን አስቀድሞ አበላሽቶታል።

● ሰሌዳዎቹ ሲበሱ በሙቀት የላላ ሙጫ በቀዳዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የመዳቡን ጫፍ ሊሸፍን ይችላል። ካልተወገደ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይቋረጣል፤ ስለዚህ ብዙ ፋብሪካዎች ሰሌዳውን ፐርማንጋኔት በተባለ ኬሚካል ያጥቡታል።

ብናኙ

● የመስታወት ክር ሲሰበር አግድም ይሰበራል፤ ርዝመቱ ያጥራል እንጂ ውፍረቱ አይቀንስም። አስቤስቶስ ግን በቁመቱ እየተሰነጠቀ በዓይን ወደማይታይ ቅጥነት ይወርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና የጤና ልዩነት ይህ ነው።

● የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው ግምገማ ለጨርቅና ለፋይበርግላስ የሚውለውን ተከታታይ የመስታወት ክር በቡድን 3 መድቦታል፤ ካንሰር አምጪ ነው ብሎ ለመመደብ በቂ መረጃ አልተገኘም ማለት ነው። ይህ ግን «ብናኙን ተንፍሱት» የሚል ፈቃድ አይደለም። ብናኙ ዓይንን፣ ጉሮሮንና የመተንፈሻ አካልን ያስቆጣል፤ በውስጡም ከመስታወቱ ጋር የተፈጨ ሙጫ አለ።

● ገና በደንብ ያልደረቀ ኤፖክሲ ከሆነ ጉዳቱ ይከፋል። ሰውነት አንድ ጊዜ ኤፖክሲን ከተቆጣ አለርጂው ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ጥቂቱም ይበቃዋል። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ መቁረጥና መሞረድ ተገቢ የማይሆነው ለሥራው ጥራት ብቻ አይደለም።

● የአሜሪካ የሥራ ላይ ጤና ተቋም ናዮሽ የሚመክረው ጣሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር 3 ደቃቅ ክሮች ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር የአንድ ትንሽ ዳዶ ያህል ነው።

● ማሳከኩ መርዝ ሳይሆን መውጋት ነው። የተሰበሩት ክሮች ቆዳ ላይ እየተተከሉ ይቧጥጣሉ። ስለዚህ ማከክና ማሸት ክሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ቦታውን በሚፈስ ውኃና በሳሙና ሳያሹ ማጠብ፣ የቀረውን በሚጣበቅ ፕላስተር አንሥቶ ማውጣት ይሻላል።

● ልብስን በኮምፕረሰር አየር ማራገፍ የተለመደ ስሕተት ነው። አየሩ ብናኙን ከልብሱ ላይ ያነሣና ወደ አፍንጫ፣ ወደ ዓይንና ወደ ጎረቤት ሠራተኛ ይበትነዋል። መጥረጊያም እንዲሁ ያስነሣዋል። ደቃቅ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም ወይም እርጥብ ጨርቅ ይሠራል።

● የሥራ ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አብሮ መታጠብ የለበትም። ክሩ በውኃው ውስጥ ወደ ሌላው ልብስ ይሸጋገራል፤ የሕፃን ልብስ ላይም ሊያርፍ ይችላል።

● ሻሽ ወይም ነጠላ አፍና አፍንጫ ላይ መጠቅለል ትልልቁን ይይዛል፤ ደቃቁን ግን አያስቀርም። ቢያንስ ኤን95 ወይም ኤፍኤፍፒ2 የሚል ምልክት ያለው፣ ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክ ያስፈልጋል። ጥሩ መነጽርና እጅጌው የተዘጋ ልብስም ይጨመራል።

● ማስክ የመጨረሻው መከላከያ ነው፤ የመጀመሪያው ብናኙን ከተወለደበት መያዝ ነው። የቫኪዩም አፍ ስለቱ አጠገብ ሲሆን አየር ላይ የሚበተነው በጣም ይቀንሳል። አፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የመሳብ ኃይሉ በፍጥነት ይዳከማል።

● በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስረዳ ያስገድዳል። ማስክና መነጽር የደግ አሠሪ ስጦታ አይደሉም፤ የሠራተኛው መብት ናቸው።

● ብናኙ ማሽንም ይበላል። ከዘይት ጋር ተደባልቆ የማሽኑ ተንሸራታች መስመር ላይ ሲገባ እንደ መሞረጃ ቅባት ይሠራና ብረቱን ይፈትገዋል። ከፋይበርግላስ ሥራ በኋላ ቶርኖውን ወይም ፍሬዛውን ሳያጸዱ ብረት መሥራት ዋጋው ውድ ነው።

ከቦሌ እስከ አዳማ

● ቦሌ የሚያርፉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች አፍንጫ ውስጥ የአየር ሁኔታ ራዳር አለ። ሽፋኑ የሚሠራው ከመስታወት ወይም ከኳርትዝ ክር ነው፤ የራዳር ሞገድ በነዚህ ውስጥ ያልፋል፣ በካርቦን ክር ግን አያልፍም።

● ካርቦንና አሉሚኒየም ሲነካኩ አሉሚኒየሙ በእርጥበት ይዝጋል። ስለዚህ በብዙ አውሮፕላኖች ላይ በሁለቱ መካከል ስስ የፋይበርግላስ ንጣፍ እንደ ገላጋይ ይገባል። ያንን ቦታ የሚሰረስር ፑንታ በአንድ ቀዳዳ ሦስት ዓይነት ቁስ ያልፋል፤ እያንዳንዱም የራሱን ፍጥነት ይፈልጋል።

● የኤሌክትሪክ ሠራተኞች መሰላል ከፋይበርግላስ የሚሠራው ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ነው። ለሌላ ዕቃ ማንጠልጠያ ተብሎ መሰላሉ ላይ ቀዳዳ መሰርሰር ግን ጥንካሬውንም ማገጃነቱንም ይጎዳል።

● የአዳማ ነፋስ ኃይል ማመንጫዎችን ሲያልፉ የሚያዩዋቸው ግዙፍ ክንፎች ፋይበርግላስ መሆናቸውን ያውቁ ኖሯል? አዳማ አንድ 34፣ አዳማ ሁለት 102 ተርባይኖች አሏቸው፤ እያንዳንዱ 1.5 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ሁለቱ ተደምረው 136 ተርባይን፣ በእያንዳንዱ ሦስት ክንፍ ሲታሰብ 408 ክንፎች ናቸው። የአንዱ ርዝመት ከ35 ሜትር ይበልጣል።

● ክንፉ ከተርባይኑ መዞሪያ እምብርት ጋር የሚገጥምበት ክብ ሥር በማሽን ተስተካክሎ ይከረከማል፣ ለብሎኖችም ይበሳል። እዚያ የተሠራ ትንሽ ስሕተት ክንፉ በዞረ ቁጥር፣ በሚሊዮን ጊዜ፣ ብሎኖቹን ይፈትናል።

● የነፋስ ተርባይን አብዛኛውን ጊዜ የሚታቀደው ለ20 ዓመት ገደማ አገልግሎት ነው። አዳማ አንድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ የክንፎቹ ማረፊያ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት፣ ካስፐር ከተማ፣ ያገለገሉ ክንፎች ተቆራርጠው በቆሻሻ መቅበሪያ ተቀብረዋል። በጀርመን ደግሞ የተፈጩ ክንፎች ወደ ሲሚንቶ ምድጃ ይገባሉ፤ ሙጫው ነድዶ ሙቀት ይሰጣል፣ መስታወቱ በአሸዋ ፋንታ የሲሚንቶው አካል ይሆናል።

● እኛ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች አሉን፤ ክንፎቹም አሉን። በመካከል የጎደለው ይህን ስለት የሚበላ ቁስ ጠርዙን ሳይበጣጥስ፣ ብናኙን ሳይበትን፣ የራሱንም ሳንባ ሳይጎዳ መቁረጥ የሚችል ባለሙያ ነው። ባለሙያውን ማፍራት የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ሥራ ነው፤ የሚያስፈልገውም የአልማዝ ዲስክ፣ ከሥር የሚታሰር እንጨት፣ ጥሩ ቫኪዩም፣ ጥሩ ማስክና ይህን ሁሉ የሚያውቅ መምህር ነው። ክንፎቹ ከመውረዳቸው በፊት ለመጀመር ጊዜው ይበቃናል።